የትኩሳት መብረድ የበሽታ መዳን አይደለም
ስለ ኢቡፕሮፌን አሠራርና አወሳሰድ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር



በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ትኩሳትና ቁርጥማት የተሰማው ሰው በቅድሚያ ይፈልገው የነበረው ማስታገሻ ነው። በብዛት ከሚወሰዱት ማስታገሻዎች አንዱ ኢቡፕሮፌን በመሆኑ፣ መድኃኒቱ የሚያደርገውንና የማያደርገውን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ኢቡፕሮፌን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በስቱዋርት አዳምስና በጆን ኒኮልሰን የተገኘ መድኃኒት ነው። ሞለኪውሉ 13 የካርቦን፣ 18 የሃይድሮጅንና 2 የኦክስጅን አቶሞችን የያዘ ደካማ አሲድ ነው።

ሰውነታችን ሲጎዳ ወይም በተሕዋስያን ሲጠቃ ሳይክሎኦክሲጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እንዲመረቱ ያደርጋል። ሕመምን የሚያባብሱት፣ እብጠትንና ትኩሳትን የሚያስከትሉት እነዚህ ናቸው። ኢቡፕሮፌን ኢንዛይሙን በመግታት ምርታቸውን ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ እነዚሁ ንጥረ ነገሮች የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይጠብቃሉ፤ ኩላሊትም በቂ ደም እንዲያገኝ ይረዳሉ። ስለሆነም መድኃኒቱ ያለ መጠን ሲወሰድ ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ በተቅማጥና በትውከት ብዙ ፈሳሽ ያጡ ሰዎች፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር እናቶች፣ በተለይም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ ሐኪም ሳያማክሩ ሊወስዱት አይገባም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኢቡፕሮፌን ኮቪድን ያባብሳል የሚል ስጋት ተነሥቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያለውን መረጃ ተመልክቶ መድኃኒቱ እንዳይወሰድ የሚከለክል ምክር እንደማይሰጥ አስታውቋል። በአንጻሩ እንደ ድሬዳዋና አፋር ደንጊ በሚከሰትባቸው አካባቢዎች ትኩሳት የያዘው ሰው፣ ደንጊ አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ደም የመፍሰስ አደጋን ስለሚጨምሩ ከኢቡፕሮፌንና ከአስፕሪን ይልቅ ፓራሲታሞልን በታዘዘው መጠን ይውሰድ።

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባው፣ ኢቡፕሮፌን ቫይረሱን አይገድልም፤ መተላለፉንም አያቆምም። ኪኒን ውጦ ትኩሳቱ የበረደለት ሰው ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶ ቤት ወይም ወደ ሥራ ቢሄድ በሽታውን ለሌላው ሊያደርስ ይችላል። በሙቀት መለኪያ ቢፈተሽም ትኩሳቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ምልክት የታየበት ሰው ቢሻለውም ራሱን ለይቶ ይቆይ፣ ምርመራም ያድርግ።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንድ አዋቂ በቀን ከ1200 ሚሊግራም በላይ አይውሰድ፤ ከምግብ ጋር ቢወስደው ይመረጣል፤ ከዲክሎፌናክ ጋርም አይደርብ። ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱን የሚያመው ወይም ሰገራው የጠቆረ ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።