የእንቅልፍ እጦትን በኢንተርኔት ማከምና የመሐንዲሶች ድርሻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ሞተር ሲበላሽ ድምፁ ይለወጣል፤ ይግላል፤ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህም ሳይውል ሳያድር የሚጠግነው ሰው ይጠራለታል። እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሰው ግን እንዲህ ያለ ምልክት አይሰጥም። ፊቱን ታጥቦ፣ ቡናውን ጠጥቶ ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ፊት ይቀመጣል። ትናንት በአምስት ደቂቃ የጨረሰውን ስሌት ዛሬ ሦስት ጊዜ ይሳሳተዋል። ሲጠየቅም «ትንሽ ደክሞኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለመተኛት በቂ ጊዜና ምቹ ቦታ እያለ ይህ ሁኔታ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያም በላይ ሲደጋገምና ሦስት ወር ሲሞላው፣ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የእንቅልፍ እጦት ይሉታል። ከአዋቂዎች መካከል ከአሥሩ አንዱ ያህል በዚህ ችግር እንደሚጠቃ ይገመታል።

የዛሬው ንግግር ርዕስ ለዚህ ሕመም በኢንተርኔት አማካይነት የሚሰጠው ሕክምና ነው። ጉዳዩ የሐኪም እንጂ የመሐንዲስ አይደለም የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ሕክምናው በጥሞና ሲመረመር መለካት፣ ማስላትና ማስተካከል የሚፈራረቁበት ሥራ ሆኖ ስለሚገኝ ለዚህ ማኅበር አባላት ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም።

የችግሩ አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1982 (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ቦርቤሊ እንቅልፍ በሁለት ኃይሎች እንደሚመራ አስረዳ። አንደኛው ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር የሚጠራቀም የእንቅልፍ ግፊት ነው። ሁለተኛው ቀንና ሌሊትን የሚለየው የሰውነት ውስጣዊ ሰዓት ነው። የመጀመሪያው በግድብ ጀርባ እንደሚጠራቀም ውኃ፣ ሁለተኛው ደግሞ በየዕለቱ በተወሰነ ሰዓት እንደሚከፈት የግድብ በር ሊመሰል ይችላል። ውኃው በሞላበት ሰዓት በሩ ሲከፈት እንቅልፍ በደንብ ይመጣል።

እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን ያጣውን ለማካካስ በጊዜ ይተኛል፤ ረፋዱን አልጋ ላይ ያሳልፋል፤ ከምሳ በኋላም ያሸልባል። ይህም ውኃው ሳይጠራቀም ማፍሰስ ማለት ነው። ከዚህም በላይ በየሌሊቱ አልጋ ላይ ሲገላበጥ ስለሚያድር፣ አልጋው የዕረፍት ቦታ መሆኑ ቀርቶ የጭንቀት ቦታ ይሆንበታል። አሜሪካዊው ተመራማሪ አርተር ስፒልማን በ1987 ከባልደረቦቹ ጋር እንዳስረዳው፣ ችግሩን የሚቀሰቅሰው ነገርና ችግሩን የሚያቆየው ነገር የተለያዩ ናቸው። ሐዘን፣ የሥራ ለውጥ ወይም ሕመም እንቅልፍ ያሳጣል፤ ያ ካለፈ በኋላ ግን ሰውየው ለመፍትሔ ብሎ የያዘው ልማድ ራሱ ችግሩን ያቆየዋል።

የሕክምናው አሠራር

ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው፣ በአማርኛ የአስተሳሰብና የጠባይ ሕክምና ሊባል የሚችለው ዘዴ፣ ይህን ልማድ ይለውጣል። ዋና ዋና ክፍሎቹም ሦስት ናቸው።

1ኛ/ ሪቻርድ ቡትዚን በ1972 ያቀረበው ደንብ፤ ይኸውም እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መተኛት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ እንቅልፍ እንቢ ካለ ከአልጋ መነሣት፣ ጠዋት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት መነሣትና በቀን አለማሸለብ ነው።

2ኛ/ ስፒልማን በ1987 ያቀረበው የአልጋ ጊዜን የመቀነስ ዘዴ።

3ኛ/ «ዛሬ ካልተኛሁ ነገ አልቆምም» የሚለውን ዓይነት አስፈሪ ሐሳብ መርምሮ በልኩ ማስቀመጥ።

ከሦስቱ መካከል ሁለተኛው የስሌት ሥራ ስለሆነ በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። አንድ ሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኝቶ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይነሣል እንበል። በአልጋ ላይ የሚያሳልፈው 9 ሰዓት ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት በያዘው መዝገብ መሠረት ግን በእርግጥ የተኛው በአማካይ 5 ሰዓት ተኩል ነው። የተኛበት ጊዜ አልጋ ላይ ለቆየበት ጊዜ ሲካፈል 61 ከመቶ ይሆናል። ይህ ቁጥር የእንቅልፍ ብቃት ይባላል። ስለዚህ ሰውየው ከአልጋ ላይ የሚቆየው 5 ሰዓት ተኩል ብቻ እንዲሆን፣ ማለትም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይተኛና ከንጋቱ 12 ሰዓት እንዲነሣ ይታዘዛል። ከሳምንት በኋላ 5 ሰዓት ተኝቶ ከተገኘ ብቃቱ 91 ከመቶ ደርሷልና 15 ደቂቃ ይጨመርለታል። በስፒልማን ደንብ ከ85 በታች ቢወርድ ጊዜው ይቀነሳል። በየሳምንቱ እንዲህ እየተለካና እየተስተካከለ ሰውየው የሚበቃው የእንቅልፍ መጠን ላይ ይደርሳል። የቦይለርን ሙቀት የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ከዚህ የተለየ ሥራ አይሠራም። ልዩነቱ እዚህ መለኪያውም የሚለካውም ሰውየው ራሱ መሆኑ ነው።

የዘዴው ጠቀሜታ በሐኪሞች ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ሥር የሰደደ የእንቅልፍ እጦት ላለባቸው አዋቂዎች ሁሉ ከኪኒን በፊት ይህ ሕክምና እንዲሰጥ መክሯል። በእንቅልፍ ኪኒኖች ረገድ ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2019 ዞልፒደምና ተመሳሳዮቹ በእንቅልፍ ልብ መራመድንና መኪና መንዳትን ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዟል።

ወደ ኢንተርኔት የተደረገው ጉዞ

ችግሩ ይህን ሕክምና የሚያውቁ ባለሙያዎች በየትኛውም አገር ጥቂት መሆናቸው ነው። የሳምንቱ ስሌት ግን ደንቡ የታወቀ ስለሆነ ለኮምፒዩተር ሊሰጥ ይችላል። በ2004 በስዊድን የታተመ ጥናት 109 ሰዎችን በኢንተርኔት ለአምስት ሳምንት በዚህ ዘዴ ለማከም የተደረገውን ሙከራ አቀረበ። በ2012 ደግሞ በእንግሊዝ ኮሊን ኤስፒና ባልደረቦቹ ስሊፒዮ የተባለውን ፕሮግራም በ164 አዋቂዎች ላይ ፈተኑ። ከተፈታኞቹ አንዱ ክፍል መልኩ ከሕክምናው ጋር የሚመሳሰል፣ ፍሬ ነገሩ ግን የሌለበት ፕሮግራም ተሰጠው። እውነተኛውን የተከታተሉት ከዚህኛው ክፍል ይልቅ መሻሻላቸው ስለታየ፣ ውጤቱ በኮምፒዩተር ፊት ከመቀመጥ ብቻ የመጣ አለመሆኑ ተረጋገጠ። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ሊ ሪተርባንድና ባልደረቦቹ 303 ሰዎችን መርምረው በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ፕሮግራሙን ከተከታተሉት መካከል ከአንድ ዓመት በኋላ 56.6 ከመቶው ከሕመሙ ደረጃ ወጥተው ተገኝተዋል። በ2022 የእንግሊዝ የጤና ጥራት ተቋም ስሊፒዮን ከእንቅልፍ ኪኒን ይልቅ እንዲጠቀሙበት ሐሳብ አቅርቧል። የአውሮፓ የእንቅልፍ ምርምር ማኅበርም በ2023 ባወጣው መመሪያ ሕክምናው በአካልም ሆነ በዲጂታል መንገድ እንዲሰጥ ደግፏል።

ጉድለቶቹ

የአንድ መሣሪያ ጠቀሜታ ሲነገር ጉድለቱም አብሮ መነገር ይገባዋል። በ2017 በእንግሊዝ 26 ዩኒቨርሲቲዎች በ3755 ተማሪዎች ላይ የተካሄደው ትልቅ ጥናት፣ ሕክምናው የተሰጣቸው ተማሪዎች እንቅልፍ መሻሻሉን አሳይቷል። ነገር ግን ስድስቱንም ትምህርቶች የከፈቱት ከመቶ 18ቱ ብቻ ነበሩ። እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ዓይንን ታግሎ መቆየት ከባድ ነው፤ «አይዞህ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ ከዚያ ይቀላል» የሚል ሰው ከሌለ ብዙዎች መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ጉድለት ለዚህ ማኅበር አባላት ከሁሉ የበለጠ ያሳስባል። የአልጋ ጊዜ በተቀነሰባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት የቀን እንቅልፍ ይበረታል። እንግዲህ ሕክምናው እጅግ የሚያስፈልገው፣ ክሬን የሚያንቀሳቅሰው፣ ከባድ መኪና የሚነዳው ወይም ከፍተኛ ቮልቴጅ ባለበት ቦታ የሚሠራው ሰው፣ በሕክምናው መጀመሪያ እጅግ ለአደጋ የሚጋለጠውም እርሱ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሠራተኛ ሐኪም ሳያየውና አለቃው ለጊዜው ሥራ ሳይለውጥለት ፕሮግራሙን ብቻውን መስጠት ትክክል አይሆንም። የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰውም፣ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰውም አስቀድሞ በሐኪም መታየት አለበት። በመሆኑም በፕሮግራሙ መግቢያ «የምትሠሩት ሥራ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መኖሩ የደኅንነት መሣሪያ ነው፤ በማሽን ላይ ከሚገጠም ፊውዝ አይተናነስም።

ሦስተኛው፣ የሰው ሕክምና በአንድ ድርጅት ዕድል ላይ መንጠልጠሉ ነው። በ2020 የአሜሪካ ባለሥልጣን ሶምሪስት የተባለውን ፕሮግራም በሐኪም ትእዛዝ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ያቀርበው የነበረው ፒር ቴራፒውቲክስ ግን በ2023 የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ። ኩባንያ ሲከስር በመካከል ላይ ያለው ሕሙም መዝገቡ የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ከንድፉ መጀመሪያ መልስ ሊዘጋጅለት ይገባል።

ለአማርኛ ተናጋሪ ቢሠራ

እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚሠራ ሰው ቃላቱን በመተርጎም ብቻ አይበቃውም። በመጀመሪያ ደረጃ ሰዓቱ አለ። ኢትዮጵያዊው «3 ሰዓት ተኛሁ፣ 12 ሰዓት ተነሣሁ» ይላል። የስልኩ ሰዓት ግን ብዙውን ጊዜ የአውሮፓውን ያሳያል። የተኛበትን ከስልኩ አይቶ 9፡00፣ የተነሣበትን ከልማዱ 12፡00 ብሎ ቢጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ እኩለ ቀን መስሎት አልጋ ላይ የቆየውን 15 ሰዓት ያደርገዋል፤ እኩለ ሌሊት ከመሰለው ደግሞ 3 ሰዓት። እውነቱ 9 ሰዓት ነው። በዚህ የተሳሳተ ቁጥር ላይ የተመሠረተ ትእዛዝ ሰውን ይጎዳል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ «ሰኞ ሌሊት» የሚለው አነጋገር ሊያሻማ ስለሚችል፣ ፕሮግራሙ «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ቤቱም ይለያል። «ተነሥተህ ወደ ሌላ ክፍል ሂድ» የሚለው ትእዛዝ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ክፍል ለሚያድርበት ቤት አይሠራም። የደንቡ መንፈስ አልጋንና ንቃትን መለየት ስለሆነ፣ ጋቢ ለብሶ በደብዛዛ ብርሃን በርጩማ ላይ መቀመጥም ዓላማውን ሊያሳካ ይችላል። በምሽት የሚፈላው ቡናም አለ። ካፌይን በጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ስለሚወስድበት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት የተጠጣው ቡና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ። ሆኖም ቡና የጉርብትና ጉዳይ ነውና «ተው» ከማለት ሰዓቱን ወደ ቀን ማምጣት ይሻላል። ማኅሌት የሚቆሙና ለፈጅር የሚነሡ ሰዎችም የመነሻ ሰዓታቸው በስሌቱ ውስጥ ሊገባላቸው ይገባል። ኔትዎርክ ሲቋረጥ መዝገቡ በስልኩ ውስጥ እንዲቆይ፣ ማንበብ ለሚቸግረውም በድምፅ እንዲመራ ማድረግ ለሙያው አዲስ ሥራ አይደለም።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

ኮምፒዩተሩ ስሌቱን ይችላል፤ አንድን ሰው እስከ ስድስተኛው ሳምንት የሚያደርሰው ግን ሰው ነው። ስለዚህ ለዚህ ማኅበር ሦስት ሥራዎች ይቀርባሉ። ይኸውም ፕሮግራሙን የሚነድፉ መሐንዲሶች ከሐኪሞችና ከሥነ ልቡና ባለሙያዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ እንዲቀመጡ፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በሳምንት አንድ ጊዜ በስልክ የሚጠይቀው ሰው እንዲመደብ፣ እንዲሁም በየሥራ ቦታው ያሉ ኃላፊዎች «እንቅልፍ አጣሁ» የሚልን ሠራተኛ እንደ ሰነፍ ሳይቆጥሩ ከአደገኛው ማሽን ለጊዜው እንዲያነሡት ነው። ከሦስቱ የመጨረሻው ምንም ወጪ አይጠይቅም፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮም ሊሠራበት ይቻላል።