በባሕር ማዶ፥ ሕፃናት ባሉበት ቤት፥ ዘመድን ስለ መቀበል



በአገር ቤት ሴት ልጅ በወለደች ጊዜ እናትዋ ሊያርስዋት ይመጣሉ። ገንፎው ይገነፋል፤ ጎረቤት ይገባል ይወጣል፤ ትልልቆቹ ልጆች ከአክስታቸው ዘንድ ይውላሉ፤ አንዱ ቢደክም ሌላው ይተካዋል። በአሜሪካ፥ ይልቁንም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ግን የዚያ ሁሉ ሰው ሥራ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር በአውሮፕላን በመጡ በአንዲት አያት ላይ ይወድቃል። እርሳቸውም በአንድ ጊዜ እንግዳም አስተናጋጅም ይሆናሉ። በዚህ ረገድ በየቤቱ የሚሰማው ቅሬታ አብዛኛው የሚመነጨው እንግዳነታቸውና ሥራቸው ሳይለይ በመቅረቱ ነው።

ይህ ችግር ራሱ አዲስ ነው። ከ1974 አብዮት በኋላ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ተሰደው በ1980 በወጣው የስደተኞች ሕግ ወደ አሜሪካ የገቡት ሰዎች ልጆቻቸውን ሲወልዱ እናት ማስመጣት ከምኞት አያልፍላቸውም ነበር፤ በደርግ ዘመን ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ማግኘት ጭንቅ ነበርና። ብዙዎቹ ገንፎአቸውን ራሳቸው ገንፍተው፥ ከወለዱ በሳምንት ልብስ ሲያጥቡ ተገኝተዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጡት፥ በ1990 በወጣው ሕግ በዕጣ የገቡት ሳይቀሩ፥ ወላጆቻቸውን ለመጥራት ቻሉ።

ሉቃስ በወንጌሉ እመቤታችን ዘመድዋን ኤልሳቤጥን ልትጠይቅ ወደ ተራራማው አገር ወጥታ ሦስት ወር ያህል እንደ ተቀመጠች ጽፎአል። ለዛሬዪቱ አያት የቈይታቸውን ልክ የሚወስነው በአውሮፕላን ጣቢያ የሚቀበላቸው ሹም ነው፤ ለጠያቂ ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠውም 6 ወር ነው። በፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ የሚያልቅበት ቀንና ሹሙ የወሰነው የመውጫ ቀን አንድ እንዳልሆነ ልብ ሊሉት ይገባል፤ ይህን ሳይለይ ቀኑን ያሳለፈ ዘመድ ዳግመኛ ለመምጣት ይቸገራልና።

እንግዲህ ቀኑን መቊጠር ነው። በአሜሪካ በ1993 የወጣው ሕግ ለወለደች እናት የሚያስጠብቅላት ዕረፍት 12 ሳምንት ሲሆን፥ እርሱም ያለ ደመወዝ ነው፤ 50 ሠራተኞችና ከዚያ በላይ ባሉት መሥሪያ ቤት ቢያንስ አንድ ዓመት ላገለገለች እንጂ ለሁሉም አይደለም። 12 ሳምንት 84 ቀን ይሆናል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ስለዚህ ሴት ልጅ የወለደችና ዕረፍትዋን ከወሊዱ ቀን የጀመረች እናት የክርስትናው ድግስ ድስት ገና በደንብ ሳይታጠብ፥ በአምስተኛው ቀን ሥራ ትገባለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃኒቱም፥ የ3 ዓመቱ ወንድምዋም ከአያታቸው ጋር በአንድ ጠባብ ቤት ይውላሉ። አያትም የጎረቤታቸውን ስም አያውቁም፤ የመንገዱን ጽሕፈት አያነቡም፤ በር ቢንኳኳ ይደነግጣሉ። ልጃቸውን አርሰው፥ የልጅ ልጃቸውን መርቀው ሊመለሱ የመጡ ሴት ማንም ሳይነግራቸው ሞግዚት ሆነው ይገኛሉ።

ልጆቻቸውን በክፋት መክሰስ አይገባም። የሕፃናት ማቆያ ክፍያ የቤት ኪራይን ያህል በሚከብድበት አገር፥ ባልም ሚስትም ሠርተው የሚያድሩበት ኑሮ ነው። ነገር ግን ነገሩ የአውሮፕላኑ ቲኬት ሳይቈረጥ አስቀድሞ በግልጥ ቢነገር ምን ያህል በተሻለ! «እማዬ፥ ስንት ወር ሊቀመጡልን ይችላሉ? በሳምንት ስንት ቀን ልጆቹን ቢይዙልን አይከብድዎትም?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። አንዳንድ ቤት ባልየው በሳምንት አንድ ቀን ከልጆቹ ጋር ይውላል፤ በዚያም ቀን አያት ከሰፈራቸው ሰው ጋር ቡና ሲጠጡ፥ ሲጫወቱ ይውላሉ። ባሎች ይህን ሲሰሙ የሥራ ብዛት ማሰባቸው አይቀርም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሌላ ፈተና አለው። በአዲስ አበባ ጎሕ ሲቀድ በዋሽንግተን በጥር ከምሽቱ 4፥ በሐምሌም 5 ሰዓት ነው። ስለዚህ አያት ሕፃኗ ገና ስታንቀላፋ ነቅተው ጸሎታቸውን ይጀምራሉ፤ ቤተ ሰቡ ሲነሣ እርሳቸው ይተኛሉ። ይህ በጥቂት ቀን የሚያልፍ ስለ ሆነ በዚያ ሳምንት እንግዳ ባይጋበዝ ይሻላል። ቡና ሲቈላም የጣራው የጢስ ደወል እንደሚጮኽ አስቀድሞ ቢነገራቸው ጥሩ ነው፤ ብዙ አያቶች ቤቱ የተቃጠለ መስሎአቸው ሕፃን አቅፈው ወደ ደጅ ሮጠዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ስለ ሕፃኑ አያያዝ የሚነሣው ክርክር ነው። አያት ሕፃኑን ቅቤ ሊያልሱት ይወዳሉ፤ የዓለም የጤና ድርጅት ግን እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር ውሃ እንኳ አያስፈልገውም ይላል። አያት በክንዳቸው ሊያስተኙት ይሻሉ፤ የአሜሪካ ሐኪሞች ለብቻው፥ በጀርባው ይተኛ ይላሉ። በመኪና ሲሄዱ ሕፃን ማቀፍ በሕግ የተከለከለ ነውና፥ የ3 ቀን ልጅ በወንበር ታስሮ ሲያለቅስ ያዩ አያት አብረው ያለቅሳሉ። ስምንት ወልደው ያሳደጉ ሴት ይህን ከገዛ ልጃቸው አፍ ሲሰሙት እንደ ስድብ ይሆንባቸዋል። ወደ ሐኪሙ ዘንድ አብረው ቢሄዱ ግን፥ በብዙ ሐኪም ቤት በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ስለሚገኝ፥ ጠይቀው መልሱን ራሳቸው ይሰማሉ፤ ክብራቸውም አይነካም።

የእርሳቸውም ጤና ሊታሰብ ይገባል። የደም ብዛት ወይም የስኳር መድኃኒታቸው ለቈይታቸው ሁሉ የሚበቃ ሆኖ ይምጣ፤ የመንገደኛ የጤና መድንም አስቀድሞ ይገዛ። የ1986 ሕግ ሆስፒታል ድንገተኛ በሽተኛን እንዳይመልስ ያዛል እንጂ ሒሳቡን አይከፍልም፤ መድኑም ብዙውን ጊዜ የቈየ ደዌን አይሸፍንም።

ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ አሉ። አማርኛ ይሰማሉ፥ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። በእንግሊዝኛ «አንተ»፥ «አንቺ»፥ «እርስዎ» ሁሉ አንድ ቃል ነውና፥ የ6 ዓመት ልጅ አያቱን «ነይ» ይላቸዋል፤ አንዳንዱም «ና» ይላል። አያት ቢስቁም፥ ልባቸው ሳያዝን አይቀርም። ወላጆች በዚያ ጊዜ አስተርጓሚ ሆነው መካከል ባይገቡ መልካም ነው። ልጁ ውሃ ሲፈልግ፥ ጫማው ሲጠፋ፥ ወላጆቹም ሥራ ውለው ሲቀሩ፥ ከአያቱ ጋር በአማርኛ ከመግባባት ሌላ መንገድ የለውም። በቅዳሜው ትምህርት ፊደል የቈጠረ ልጅ ቃሉ በቤት ውስጥ ሥራ ሲሠራለት ያያል። ሥራ ለበዛባቸው ወላጆች የማይቻለውን እነዚያ 6 ወራት ያስችሉታል፤ ስለዚህም ወራቱ በቴሌቪዥን ፊት ማለፋቸው ያሳዝናል።

የሰበካው ድርሻ ትንሽ አይደለም። በእሑድ ቅዳሴ አዲስ ነጠላ የለበሱ እናት በመጨረሻው ወንበር ብቻቸውን ተቀምጠው ሲታዩ፥ ከወዴት እንደ መጡ የሚጠይቅ፥ በሳምንቱ መካከልም በመኪና መጥቶ ለቡና የሚወስዳቸው ሰው ያስፈልጋል።

የመመለሻቸው ቀን ሲደርስ ሻንጣው ለጎረቤት ሁሉ በሚሆን ልብስ ይሞላል። ልጆቹ ለጥቂት ቀን እያኰረፉ ይሰነብታሉ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ጧት በዋሽንግተን 3 ሰዓት ሲሆን በአዲስ አበባ 10 ወይም 11 ሰዓት፥ የቡና ጊዜ ነው፤ ስልኩ ይደወላል፥ ልጁም ማንም ሳይቀድምለት «እማማ፥ እንደምን ዋሉ?» ይላል።