አንድም ተማሪ ያላለፈበት ትምህርት ቤት

በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ ስለ ተማሪው አወራ። የእኔ ሐሳብ የሄደው ግን በማግስቱ እነዚያው ክፍሎች ውስጥ ገብቶ ጠመኔ ወዳነሳው መምህር ነው።

አንድ መጽሐፍ ለአራትና ለአምስት ልጅ በሚዳረስበት ክፍል፣ መምህሩ ማስታወሻ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ክፍለ ጊዜው ይጋመሳል፤ ልጆቹ ገልብጠው ሳይጨርሱ ደወሉ ይደወላል። ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ አንብቦ መረዳት የሚያቅተው ልጅ አለ። ታዲያ የፊዚክሱ መምህር ማንበብ ያስተምር ወይስ ምዕራፉን ይሸፍን? አለቆቹ የሚጠይቁት ምዕራፉን ነው። ደመወዙም ወር አያደርሰውም።

ለምን ይቆያል? የሙያ ፍቅር ነው ብሎ ማለፍ ግፍ ይመስለኛል፤ ፍቅር የቤት ኪራይ አይከፍልም። ግን የሚያቆይ ነገር አለ። ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ወንበር አንገቷን ደፍታ የከረመች ልጅ፣ አንድ ቀን ጠመኔውን ተቀብላ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ትሠራና፣ እጇን ሳታራግፍ "ቲቸር፣ ሌላ ስጠኝ" ትላለች። ይህች ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ከወደቁት ጋር ልትቆጠር ትችላለች።

በየወረዳው ያላችሁ የትምህርት ኃላፊዎች፣ መምህሩን ስትገመግሙ ስንት አሳለፍክ ብቻ አትበሉት። ልጆቹን ሲረከባቸው የት እንደነበሩም ጠይቁት።