ርካሹ ዋጋ ማንን ያስከፍላል?

የመንግሥት ግዥ ሕግ፣ የአካባቢ ጥበቃና ሰብአዊ መብት
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር





እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ ትልቁ ሸማች መንግሥት ነው። ለትምህርት ቤት ምግብ፣ ለሆስፒታል መድኃኒት፣ ለመንገድ ድንጋይ፣ ለጽሕፈት ቤት ወረቀት ይገዛል። ገንዘቡ የሕዝብ በመሆኑ ግዥው በሕግ ይመራል። አባላት ብዙ ጊዜ ሕጉን የሚያውቁት ጨረታ ሲያሸንፉ ወይም ሲሸነፉ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ከጨረታው ሳጥን አልፎ እስከ ማሳው፣ እስከ ወንዙና እስከ ጫኝና አውራጁ ትከሻ ድረስ ይደርሳል።

ይህን ለመረዳት ከአዲስ አበባ አራዳ የተሻለ ቦታ የለም። የግዥ አዋጅ አራት ኪሎ በሚገኘው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይጸድቃል፤ አዋጁን የሚያወጣው ነጋሪት ጋዜጣም እዚያው አካባቢ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይታተማል። የከተማው አስተዳደር ደግሞ ፒያሳ፣ ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ባለው ማዘጋጃ ቤት ተቀምጦ ይሠራል። ገበሬውም ለአራዳ እንግዳ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማዋ ዋና ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ ወደ መርካቶ የተዛወረው በወረራው ዘመን ነው። የፒያሳው አትክልት ተራም እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የገጠሩን ሽንኩርትና ቲማቲም ሲቀበል ኖሯል። በዚያ ዓመት በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተዛወረ።

በአራዳ በኩል የሚወርዱት የቀጨኔና የቀበና ወንዞች የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው መጨረሻቸው አቃቂ ነው። በአቃቂ ተፋሰስ ብዙ አትክልት በዚሁ ውኃ በመስኖ ሲለማ ቆይቷል፤ በአትክልቱ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከባድ ብረታ ብረት መገኘቱን ደጋግመው አሳይተዋል። ስለዚህ ከተማዋ የጣለችው ቆሻሻ በሰላጣና በጎመን ተመልሶ ወደ ገበታዋ ይመጣል ማለት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በሕዝብ በጀት ይመገባሉ። ምግቡን የሚያበስሉት የተደራጁ እናቶች ናቸው። ታዲያ በዚህ በጀት የሚገዛው ጎመን ከየትኛው ውኃ እንደበቀለ መጠየቅ ቅንጦት ሊባል አይችልም።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ተወዳዳሪዎች ለአንድ ተቋም አትክልት ለማቅረብ ተጫረቱ እንበል። አንደኛው በተበከለ ወንዝ ያለማል፤ ትምህርት ቤት መዋል የሚገባቸውን ልጆች ያሠራል፤ ፀረ ተባይ የሚረጩት ሰዎች ጓንትና ጭምብል የላቸውም። ሁለተኛው በጉድጓድ ውኃ ያለማል፤ ለአዋቂ ሠራተኛ ተገቢውን ይከፍላል፤ የመርጫ መከላከያ ይገዛል። አንደኛው በኪሎ ሁለት ብር ቀንሶ ያቀርባል። ኮሚቴው ዋጋን ብቻ ካየ አሸናፊው እርሱ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ብር በተማሪው ጤና፣ በሕፃኑ ትምህርትና በሠራተኛው ሳንባ ላይ ዕዳ ሆና ተመዝግባለች። ደንቡን አክብሮ የሠራው ማኅበር ደግሞ በማክበሩ ተቀጣ።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣል። ይኸው አንቀጽ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት ለተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው ለተነካ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ ማካካሻ እንዲሰጥ ይደነግጋል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎች ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋልና የዚህ አንቀጽ ክብደት ለአራዳ ሰው ግልጽ ነው። አንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል፤ አንቀጽ 42 ደግሞ የሠራተኛን ዕረፍትና የሥራ ደኅንነት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው።

የግዥ ሕጉ ዋና ትኩረት ግን ለገንዘብ ተመጣጣኝ ፋይዳ ማግኘት፣ አድልዎ አለማድረግ፣ ግልጽነትና ተጠያቂነት ሆኖ ቆይቷል። አዋጅ ቁጥር 649/2001 እነዚህን መርሆዎች ዘርዝሮ ለአገር ውስጥ ምርትና ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት ፈቅዶ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። አዋጅ ቢለወጥም ለተጫራቹ ቁልፉ የጨረታ ሰነዱ ነው። በሰነዱ ያልተጻፈ መብት በግምገማ ጊዜ አይታሰብም።

የአካባቢና የመብት ጉዳይ በሰነዱ ውስጥ በሦስት ቦታ ሊገባ ይችላል። የመጀመሪያው የቴክኒክ ዝርዝር ነው፤ አትክልቱ የለማበት ቦታና የውኃው ምንጭ እንዲገለጽ ይጠየቃል። ሁለተኛው የመገምገሚያ መስፈርት ነው፤ ከዋጋው ጎን ለአመራረቱ የታወቀ ነጥብ ይሰጣል። ሦስተኛው የውል ሁኔታ ነው፤ የሕፃናት ጉልበት ክልከላ፣ የጫኝና አውራጅ ደኅንነት፣ ገዥው መጋዘንና ማሳ የመጎብኘት መብቱ በውሉ ይጻፋል።

እዚህ ላይ ከፍተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መስፈርቱ አስቀድሞ ካልተነገረና በማስረጃ ካልተለካ የሚፈልጉትን ሰው ለማሳለፊያ ሰበብ ይሆናል። ውድ የምስክር ወረቀት ብቻ ከተጠየቀም አነስተኛው ገበሬ በአካባቢ ጥበቃ ስም ከገበያ ይወጣል። በዚህ ረገድ ቡና አምራቾችን የሚመለከት አንድ ጥሩ ትምህርት አለ። በኔዘርላንድስ የሰሜን ሆላንድ ክፍለ ሀገር አስተዳደር ለቢሮዎቹ ቡና ሲገዛ በስም የተጠቀሱ የፍትሐዊ ንግድና የተፈጥሮ አመራረት ምልክቶችን ጠይቆ ነበር። ጉዳዩ የቀረበለት የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በሰጠው ፍርድ፣ መንግሥት ለአምራቹ ፍትሐዊነትና ለአካባቢ ዋጋ መስጠት እንደሚችል አረጋገጠ፤ ነገር ግን የአንድን ምልክት ስም ከመጥራት ይልቅ መስፈርቱን ራሱን ዘርዝሮ መጻፍ፣ ተመሳሳይ ማስረጃም መቀበል ይገባዋል አለ። ለኢትዮጵያ የጨረታ ሰነድ አዘጋጆችም ይህ መንገድ ይጠቅማል።

ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ለትምህርት ቤት ምግብ ከሚመደበው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻዎች ምርት እንዲገዛበት ደንግጋ ነበር። የተማሪው ምሳና የገበሬው ገቢ በአንድ ሕግ ተሳሰሩ ማለት ነው።

ከዚህ አንፃር ከሁለቱም ወገን የሚጠበቅ ሥራ አለ። የመስተዳድር ኃላፊዎች የግዥ ዕቅዳቸውን ከዘር ወቅት በፊት ቢያሳውቁ፣ ትልቁን ግዥ በአነስተኛ ሎቶች ቢከፋፍሉ፣ ክፍያም በወቅቱ ቢፈጽሙ ማኅበራት በእኩል ይወዳደራሉ። ክፍያው የዘገየበት ማኅበር የአባሉን ምርት ዋጋና የሠራተኛውን ደመወዝ ከየት ያመጣል? የዘገየ ክፍያም ራሱ የመብት ጉዳይ ነው።

ማኅበራት በበኩላቸው ቤታቸውን ማጽዳት ይኖርባቸዋል። የሌላውን ወንዝ እያወገዙ የፀረ ተባይ ዕቃን በምንጭ ውስጥ ማጠብ፣ በአጨዳ ወራት ልጅን ከትምህርት ገበታ ማስቀረት፣ መሸፈን ያለበት ጉዳይ ሳይሆን በጠቅላላ ጉባኤ መነሳት ያለበት ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ማስረጃ ማደራጀት ይከብደዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ዩኒየኑ የማሳ መዝገብ፣ የውኃ ምንጭ ዝርዝር፣ የመድኃኒት አጠቃቀም መዝገብና የሠራተኞች ውል በአንድነት ቢይዝ ለጨረታም ለውጭ ገበያም ያገለግላል። እንዲህ ያለ መዝገብ የያዘ ማኅበር ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ የሚከራከረው በዋጋ ብቻ አይሆንም።

የሕዝብ ገንዘብ ከአንድ ወገን ኪስ ቆጥቦ የሌላውን ጤና ካባከነ ቁጠባ ሊባል አይገባውም። ርካሹ ዋጋ ማንን እንደሚያስከፍል የሚጠይቅ ገዥና መልሱን በመዝገብ የሚያሳይ አምራች ሲገናኙ ሕጉ ከወረቀት ወርዶ ገበታ ላይ ይደርሳል።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁን!