የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ በቀን ስንት ጊዜ ይከፈት?
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ስለ ሲሚንቶ ጥራት፣ ስለ ፌሮ ዋጋና ስለ ጨረታ ደንብ ብዙ ይነገራል። መሐንዲሱ በቀን ውስጥ ካሉት የሥራ ሰዓቶች ምን ያህሉን በእርግጥ ለምሕንድስና እንደሚያውል ግን እምብዛም አይነገርም። የዚህ ንግግር ርእስ የመነጨው ከዚሁ ነው። ጥያቄው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም አንድ ባለሙያ ሥራውንም ባልደረቦቹንም ሳይበድል የኢሜይል ሣጥኑን በቀን ስንት ጊዜ ቢከፍት ይበቃዋል የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢውን መልስ ባለማግኘቱ የሚደርሰው ጉዳት ግን ትንሽ አይደለም።

አንድ የስትራክቸር መሐንዲስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የአንድን ሕንፃ መሠረት ለማስላት ሲቀመጥ በአእምሮው የሚይዘው ነገር ብዙ ነው። ከምሰሶው የሚወርደው ጭነት፣ የአፈሩ የመሸከም አቅም፣ የመሠረቱ ስፋትና ውፍረት፣ የፌሮው ብዛትና ርቀት ሁሉ እርስ በርስ የተያያዙ በመሆናቸው አንዱ ሲለወጥ ሌላውም ይለወጣል። በዚህ መካከል ከኮምፒውተሩ ጥግ አንድ ምልክት ብቅ ይላል፤ መሐንዲሱም ይከፍተዋል። የሐሙሱ ስብሰባ ወደ ዓርብ መተላለፉን የሚገልጽ መልእክት ነው። ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ወደ ስሌቱ ሲመለስ ግን ተለዋዋጩ ጭነት እንደ ዩሮኮድ ደንብ በ1.5 ተባዝቶ እንደሆነ ወይም ገና እንዳልተባዛ እርግጠኛ መሆን ያቅተዋል። ጥንቁቅ ከሆነ ከመነሻው ይጀምራል፤ ከቸኮለ ግን ተባዝቷል ብሎ ያልፋል። ጥንቃቄው የሚያስከፍለው ጊዜ ነው። የችኮላው ዋጋ ግን ወደ ሕንፃው ይተላለፋል፤ በሕንፃው ውስጥ ደግሞ ሰዎች ይኖሩበታል።

የነገሩን አመጣጥ መመልከት ይጠቅማል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው በመረብ አማካይነት መልእክት ሲልክ፣ ተቀባዩ በዚያች ደቂቃ በቦታው እንዲገኝ የሚያስገድድ ነገር አልነበረም። መልእክቱ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ባለቤቱ እስኪመጣ ይቆያል። ከስልክ የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ስልክ ሰውን ይጠራል፣ ደብዳቤ ግን ሰውን ይጠብቃል። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች የቆየው የመዝገብ ቤት ሥርዓትም የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ገቢው ደብዳቤ ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ይሰፍራል፤ ከማኅደሩ ጋር ሆኖ ለኃላፊው ይቀርባል፤ ኃላፊውም አንብቦ ለሚመለከተው ክፍል ይመራዋል። ተላላኪው አንድ ፖስታ በመጣ ቁጥር የኃላፊውን በር ቢያንኳኳ ኖሮ፣ አድራጎቱ ሥርዓት እንደማጣት እንጂ እንደ ትጋት አይቆጠርለትም ነበር።

ይህ ልማድ የተናጋው መልእክቱ ባለቤቱን እየተከተለ ኪሱ ድረስ መግባት ሲጀምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ብላክቤሪ የተባለው መሣሪያ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ፣ በኋላም ዘመናዊው የእጅ ስልክ ከተስፋፋ ጀምሮ፣ ደብዳቤው የስልክን ጠባይ ያዘ። መጠበቁን ትቶ መጥራት ጀመረ። የዛሬው ችግር መሠረቱ ይህ እንጂ የመልእክቱ ብዛት ብቻ አይደለም።

አንድን ሥራ አቋርጦ ሌላ መጀመር ዋጋ እንዳለው ለመሐንዲስ የተሰወረ ነገር አይደለም። ለአንድ እንጀራ ብሎ ምጣድ የሚጥድ ቤተሰብ የለም። ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚስበው የኤሌክትሪክ ምጣድ ለ1 እንጀራም ሆነ ለ20 እንጀራ እስኪግል የሚወስደው ጊዜ አንድ ነው። ስለዚህ ሊጡ ተጠራቅሞ ባንድ ጊዜ ይጋገራል። በሌላ በኩል የወሩ እንጀራ ሁሉ ባንድ ቀን አይጋገርም፤ ይሻግታልና። በሁለቱ መካከል ተስማሚ ልክ አለ። ይህንኑ ልክ ፎርድ ሃሪስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ለፋብሪካ ሥራ በቀመር አስልቶታል። የእርሱ ጥያቄ አንድ ፋብሪካ መሣሪያውን አንድ ጊዜ ካሰናዳ በኋላ ስንት ዕቃ ቢሠራ ወጪው ያንሳል የሚል ነበር። ቀመሩ ለደብዳቤም ያገለግላል። ሥራ አቋርጦ ለመመለስ የሚጠፋው ጊዜ በ2 ይባዛል፤ ውጤቱ በሰዓት ለሚመጡት መልእክቶች ቁጥርና አንድ መልእክት አንድ ሰዓት በመቆየቱ ለሚደርሰው ጉዳት ብዜት ይካፈላል፤ የዚህ ስኩዌር ሩት ሣጥኑ በስንት ሰዓት አንድ ጊዜ ሊከፈት እንደሚገባ ያሳያል።

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል እንደሚከተለው ሊታሰቡ ይችላሉ። መሐንዲሱ በሰዓት 5 መልእክት ይደርሰዋል። ሥራውን ባቋረጠ ቁጥር ወደ ነበረበት ሐሳብ እስኪመለስ 10 ደቂቃ ይጠፋበታል። አንድ መልእክት አንድ ሰዓት በመዘግየቱ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ከ1 የሥራ ደቂቃ ጋር እኩል ነው። መልእክቱን የማንበቢያው ጊዜ በሒሳቡ ውስጥ አይገባም፤ በማንኛውም ሰዓት ቢነበብ ያንኑ ያህል ይወስዳልና። በዚህ መሠረት 2 በ10 ተባዝቶ ለ5 ሲካፈል 4 ይሆናል፤ የ4 ስኩዌር ሩት 2 ነው። ስለሆነም ሣጥኑ በየ2 ሰዓቱ፣ ማለትም በ8 ሰዓት የሥራ ቀን 4 ጊዜ፣ ቢከፈት ይበቃል። የማቋረጡና የመዘግየቱ ጉዳት ሲደመር በእያንዳንዱ ሰዓት የሚደርሰው ኪሣራ እንደ አከፋፈቱ እንዲህ ይለያያል።

በየ15 ደቂቃው ሲከፈት፦ 41 ደቂቃ ያህል፤
በየ30 ደቂቃው፦ 21 ደቂቃ ያህል፤
በየሰዓቱ፦ 12 ደቂቃ ተኩል፤
በየ2 ሰዓቱ፦ 10 ደቂቃ፤
በየ4 ሰዓቱ፦ 12 ደቂቃ ተኩል፤
በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፦ 21 ደቂቃ ያህል።

ከዚህ ዝርዝር ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ የሒሳቡ መካከል ሰፊ መሆኑ ነው። በሰዓት አንድ ጊዜ የሚከፍተውና በ4 ሰዓት አንድ ጊዜ የሚከፍተው ኪሣራቸው እኩል ነው፤ ከተሻለው ልክም ብዙ አይርቁም። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር 3 ነው ወይስ 4 ነው ብሎ መከራከር ፍሬ የለውም። ሁለተኛው፣ ጫፎቹ ውድ መሆናቸው ነው። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፍት ሰው በቸልተኝነት ይወቀሳል፤ በየ30 ደቂቃው የሚከፍተው ግን በትጋቱ ይመሰገናል። በሒሳቡ መሠረት ሁለቱ የሚያደርሱት ጉዳት አንድ ነው። በየ15 ደቂቃው የሚከፍተው ከሁለቱም የባሰ ሲሆን፣ በብዙ መሥሪያ ቤት ተመስጋኙ እርሱ ነው።

ቁጥሮቹ እንደ ሥራው ጠባይ ይለወጣሉ። ጥልቅ የዲዛይን ሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ ሐሳቡን እንደገና ለመሰብሰብ 40 ደቂቃ የሚፈጅበት ከሆነ፣ ተስማሚው ልክ 4 ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም በቀን ሁለት ጊዜ ማለት ነው። የግዥ ክፍል ባልደረባ ወይም ሥራ የሚያቀናጅ ሰው ደግሞ መልእክቱ መዘግየቱ በ4 እጥፍ የሚጎዳው ከሆነ በየሰዓቱ ሊከፍት ይገባዋል። ለሁሉም አንድ ደንብ ማውጣት ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ፤ ነገር ግን የሚሉትን ከመጠን በላይ ማጋነን አይገባም። ሶፊ ሊሮይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ ሰው ከአንድ ያላለቀ ሥራ ወደ ሌላ ሲያልፍ ከሐሳቡ ከፊሉ ከቀድሞው ሥራ ጋር እንደሚቀር አሳይታለች። ግሎሪያ ማርክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ መሥሪያ ቤት 13 ሠራተኞችን ለ5 ቀን ከኢሜይል አርቀው የልብ ትርታቸውን በመሣሪያ ሲመዘግቡ፣ ሠራተኞቹ በአንድ ሥራ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየታቸውንና ውጥረታቸው መቀነሱን አግኝተዋል። በካናዳ የብሪትሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርስቲ ኮስታዲን ኩሽሌቭና ኤሊዛቤት ደን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት 124 ሰዎች አንዱን ሳምንት በቀን 3 ጊዜ ብቻ፣ ሌላውን ሳምንት እንደ ልባቸው እንዲከፍቱ ተደርጎ፣ በተገደበው ሳምንት የቀን ውጥረታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በሌላ በኩል ማርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ከባልደረቦቿ ጋር ባቀረበችው ጥናት፣ አጠራቅመው የሚከፍቱ ሠራተኞች ምርታማነታቸውን ከፍ አድርገው ቢገምቱም ውጥረታቸው መቀነሱን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የስልክ ማስታወቂያ በቀን 3 ጊዜ ተጠራቅሞ የደረሳቸው ሰዎች መሻሻል ሲያሳዩ፣ ፈጽሞ የተከለከሉት ግን ጭንቀታቸው እንደጨመረ ገልጿል። የእነዚህ ሁሉ ጭብጥ አንድ ነው፤ ልክ ማበጀት ይጠቅማል፣ ጨርሶ መዝጋት ግን መፍትሔ አይደለም።

ይህ ሁሉ ከታወቀ ሰው ለምን በየደቂቃው ይከፍታል? ከፊሉ ምክንያት ልማድ ነው፤ ደወሉ ቢዘጋም እጅ ራሱ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል፤ በተለይም ሥራው ሲከብድ። ዋናው ምክንያት ግን ይሉኝታ ነው። ወጣቱ መሐንዲስ የኃላፊውን መልእክት ለ2 ሰዓት ሳይመልስ ቢቆይ እንደ ንቀት ይቆጠርብኛል ብሎ ይሰጋል። ኃላፊው በበኩሉ መልእክቱን የላከው ሐሳቡ ከአእምሮው እንዳይጠፋበት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ፈጣን መልስ አልጠየቀም፣ አያስፈልገኝም ብሎም አላስታወቀም። አንዱ ባልተነገረ ትእዛዝ ሥራውን ይተዋል፤ ሌላው ማዘዙን እንኳ አያውቅም። ቀን የተቆራረጠው ስሌትም ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ በቤት ይጠናቀቃል። ስለዚህ ነገሩ በአንድ ሰው ቁርጠኝነት ብቻ አይፈታም፤ የመሥሪያ ቤት ስምምነት ይፈልጋል።

የምሕንድስና ሥራ ራሱ የደቂቃ ጥድፊያን እንደ ደንብ አልተቀበለውም። ፊዲክ በመባል የሚታወቀው የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው የግንባታ ውል መሠረት ሥራ ተቋራጩ የካሣ ጥያቄ እንዳለው ለማስታወቅ 28 ቀን፣ መሐንዲሱም ለዝርዝሩ ጥያቄ መልስ ለመስጠት 42 ቀን ተወስኖላቸዋል። በእርግጥ አጣዳፊ ጉዳይ አለ። አርማታ በመሞላት ላይ ሳለ የእንጨቱ ድጋፍ ቢንቀሳቀስ፣ ቁፋሮ ሲካሄድ ያልታሰበ ውሃ ቢፈልቅ፣ ሰው ቢጎዳ፣ አንድ ደቂቃም አይጠበቅም። እንዲህ ያለው ጉዳይ ግን ከመጀመሪያውም በደብዳቤ ሊላክ የሚገባው አይደለም። ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ስልክ አንሥቶ ሊደውል ይገባዋል። አደጋን በኢሜይል አሳውቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው ኃላፊነቱን እንደተወጣ ሊቆጠር አይችልም።

ስለዚህ አንድ የምሕንድስና መሥሪያ ቤት በሚከተሉት አራት ነገሮች ላይ ቢስማማ ይበጃል።

አንደኛ፣ የዲዛይን ክፍል ባልደረቦች ሣጥናቸውን በቀን 3 ጊዜ ይክፈቱ፤ ለምሳሌ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል፣ ከምሳ በፊት 6 ሰዓት፣ ከቀኑም 10 ሰዓት ተኩል ላይ። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓቶች አእምሮ ገና ትኩስ የሆነባቸው ናቸውና ለስሌት ይተዉ።

ሁለተኛ፣ የሚያቀናጁና የሚያስፈጽሙ ሠራተኞች በየሰዓቱ ይክፈቱ፤ ደወሉ ግን ለሁሉም ይዘጋ።

ሦስተኛ፣ አጣዳፊ ጉዳይ በስልክ ብቻ ይነገር፤ አጣዳፊ ያልሆነ ጉዳይም በስልክ አይነገር። ሁለተኛው ካልተጠበቀ የመጀመሪያው አይጸናም።

አራተኛ፣ በሥራ ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት የደረሰ መልእክት በዚያው ቀን መልስ ያግኝ፤ መልሱ ጥናት የሚፈልግ ከሆነ የሚደርስበት ቀን ይገለጽ። ላኪው የሚቸገረው ሰዓት በመቆየቱ ሳይሆን፣ መልሱ መቼ እንደሚመጣ ባለማወቁ ነው።

ይህን ስምምነት ሊጀምር የሚገባው ኃላፊው ነው። ወጣቱ መሐንዲስ ደንቡን በራሱ ቢጀምር ሰነፍ ሊባል ይችላል። ኃላፊው ግን አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ «ለእኔ መልእክት ሥራችሁን አታቋርጡ» ቢል፣ በሌላ መንገድ የማይገኝ የሥራ ሰዓት ለመሥሪያ ቤቱ ያስገኛል። ወጪው ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

በመጨረሻም ወደ መሠረቱ ስሌት መመለስ ተገቢ ነው። የሐሙሱ ስብሰባ ወደ ዓርብ መተላለፉን መሐንዲሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይልቅ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ቢያውቀው የሚጎድል ነገር የለም። ያ አንድ ሰዓት ተኩል ግን ለመሠረቱ ያስፈልጋል። ሕንፃው ከቆመ በኋላ ስሌቱ ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ የሚጠይቅ አይኖርም፤ የሚጠየቀው መሠረቱ ጭነቱን መሸከሙ ብቻ ነው።