ባቡርንና አውቶቡስን ስለ ማገናኘት
(በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



 የመረጥሁት አርእስት በየማለዳው ሁላችንንም የሚያሳስበን የመጓጓዣ ነገር ነው።

የምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የለገሐር ጣቢያ ከከተማው መካከል ስለ ነበረ መንገደኛው እንደ ወረደ ከገበያውም ከዘመዱም ቤት ሳይርቅ ይገኝ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን የሚያወርደው ከከተማው ዳር፣ ለቡ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡርም በደቡብ በኩል ሐዲዱ የሚያበቃው ቃሊቲ ነው እንጂ ለቡ አይደርስም። እንግዲህ ከድሬዳዋ የመጣች እናት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በደኅና ተጉዛ፣ ጓዟን ተሸክማ የምትጨነቀው በመጨረሻይቱ አጭር መንገድ ነው።

ሐዲድ በየሰው ደጅ ሊዘረጋ አይቻልም። ባቡር ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ያነሣል፤ ዳሩ ግን ከሐዲዱ አይወጣም። አውቶቡስ የሚይዘው ሰው ቢያንስም በየሰፈሩ ይገባል። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላ ነው እንጂ ተፎካካሪው አይደለም።

በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ባቡሮች በየሰዓቱ በታወቀ ደቂቃ እንዲነሡ ተደረገ፤ ወደ መንደር የሚሄደው አውቶቡስም ሰዓቱን ከባቡሩ ጋር ያስማማል። በዙሪክ አውራጃ ደግሞ ከ1990 ጀምሮ በባቡር፣ በትራምና በአውቶቡስ የሚኬደው ባንድ ቲኬት ነው። ባለቤቶቻቸው ልዩ ልዩ ናቸው፤ መንገደኛው ግን ይህን እንዲያውቅ አይገደድም።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ከጣቢያው በር አጠገብ የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ የተስማማ ሰዓትና አንድ ቲኬት ነው። እነዚህ ከአዲስ ሐዲድ ይልቅ ወጪያቸው ያነሰ ነው፤ የሚጠይቁት መስማማትን ነው። ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ሰው መኪናውን ትቶ በባቡር ቢሄድ አየሩ ይጠራል፤ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪም ይተርፋል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ነገ ከእኛ መካከል መሐንዲስ የሚሆኑ አሉ። የመንገድ ፕላን በምትነድፉበት ቀን፣ ከጣቢያው ወርዳ ጓዟን ይዛ የቆመችውን እናት አስቡ። ሥራው ተፈጸመ የሚባለው ባቡሩ ጣቢያ ሲገባ ሳይሆን እርሷ ከቤቷ ስትገባ ነው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።