የሻይ ጥጋችንና ድፎ ዳቦ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እዚህ ናይሮቢ፣ በአዳራሻችን ሻይ የምንጠጣበትን ጥግ ልጆቹ «ሙዚየም» ይሉታል። አልተሳሳቱም፤ አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ ክር የሌለው ክራር፣ ግማሽ ምጣድ ተደርድሮበታል። ሌላ ቤት ቢሆን የሚጣል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ መሐል ድፎ ሲቆረስ ግን ዕቃው ሁሉ ነፍስ ይዘራል። ስለዚያ ዳቦ እንድንናገር ስለጋበዛችሁን እናመሰግናለን።

የድፎ ወጉ ኮባው ነው። ኮባ የእንሰት ቅጠል ነው። በደቡብ አገራችን እንሰት ቆጮ ሆኖ ይበላል፤ በሰሜን በየጓሮው የሚተከለው ግን በአብዛኛው ለቅጠሉ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የእንሰትን ሥዕል አውጥቷል። ስንዴውም የዋዛ አይደለም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. አገራችን መጥቶ የስንዴያችን ዓይነት ብዛት ስላስደነቀው ዘሩን ሰብስቦ ሄዷል።

ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ገብቶበት፣ ኩፍ ሲል ኮባ በተነጠፈበት ምጣድ ላይ ይደፋል። ከላይም ኮባ ይለብሳል፣ ይከደናል፣ ከላይና ከታች እሳት ይነድበታል። እዚህ ኮባ እንደ ልብ ስለማይገኝ እናቶች ወደ ሱቃችን መጥተው «ኮባ አላችሁ?» ሲሉን የምንሰጣቸው የሙዝ ቅጠል ነው። እሱም እሳት ላይ ለብለብ ካላደረጉት ይቀደዳል። ዱቄቱን በተመለከተ፣ አታ የሚባለውን ከነጩ ጋር የሚቀላቅሉ አሉ፤ በእኛ አስተያየት የአገር ቤቱን ቀለም የሚያመጣው ይኸው ነው።

ኬክ አዝዞ ማምጣት ይቀላል፤ እኛም ነጋዴዎች ነን፣ ኬክ አንጠላም። ነገር ግን አገር ቤት ለልጅ ስም የሚወጣው ዳቦ ተቆርሶ ነበር፤ «የዳቦ ስም» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። እዚህ የተወለዱትን ልጆቻችንን የዳቦ ስማቸውን ብንጠይቃቸው ብዙዎቹ ዓይን ዓይናችንን ነው የሚያዩት።

ድፎ የሚጋግሩልን እናቶች ደግሞ እየቀነሱ ነው። አንዳንዶቹ ከልጆቻቸው ጋር አሜሪካ ገብተዋል፣ ሌሎቹን ጉልበት ከድቷቸዋል። መጠኑን የጻፈ የለም። ስንት ዱቄት፣ ስንት ውኃ ስንላቸው «እጄ ያውቀዋል» ይላሉ። እንግዲህ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ወጣቶች፣ ወንዱም ሴቱም፣ አጠገባቸው ቆመው እየመዘኑ ይጻፉ። ሚዛኑን ከሱቃችን እናመጣለን፤ የመጀመሪያው ወር ዱቄትም ከእኛ ነው።